ዶቃ መሰካት ኦቲዝም ላለበት ልጅ፦ ቤት ውስጥ እንዴት ይጀመራል?

ኦቲዝም ያለበት ልጅ ቀኑን ሙሉ ትእዛዝ ሲሰማ ይውላል። ና፣ ተቀመጥ፣ ወደ እኔ እይ፣ ተው፣ እጅህን አታርገብግብ፣ በል ብላ። በክፋት አይደለም፤ እናትም አባትም መምህርም ጨንቋቸው ነው። ግን እስቲ አስቡት፣ ጠዋት ከነቃበት ሰዓት ጀምሮ እስኪተኛ ድረስ የሰው አፍ እያየ የሚኖር ልጅ ነው።

ዶቃ መሰካትን የምወደው ከዚህ ስለሚያሳርፈው ነው። ዶቃው ቀዳዳ አለው፣ ክሩ ጫፍ አለው፣ ትሪው ላይ ያለው ሲያልቅ ሥራው አለቀ። ምን እንደሚደረግ ዕቃው ራሱ ይነግረዋል። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ወደ አንድ ነገር ነው የሚሄደው፦ ልጁ ያለ እናንተ ጀምሮ ያለ እናንተ እንዲጨርስ አድርጎ ማዘጋጀት። አጠገቡ ቁጭ ብላችሁ በየዶቃው "በል፣ በል እንጂ" የምትሉት ከሆነ ሌላ የትእዛዝ ሰዓት ነው የጨመራችሁበት።

"ልጁ" እያልኩ የምጽፈው ለአጻጻፍ እንዲቀለኝ ነው። ሴት ልጅም ትሁን፣ የ30 ዓመት ጎልማሳም ይሁን፣ አብዛኛው ነገር ያው ነው።

ምን ይጠቅመዋል?

መጀመሪያ የማይሆነውን ልናገር። ዶቃ ኦቲዝምን አያድንም። ኦቲዝም ከልጅነት ጀምሮ አብሮ የሚኖር የአእምሮ እድገት ሁኔታ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ ከ127 ሰው አንዱ ኦቲዝም እንዳለበት ገምቷል። ለጨነቀው ወላጅ "ያድናል" እየተባለ ብዙ ነገር ይሸጣል። ዶቃ ከእነዚያ ጋር እንዲቆጠር አልፈልግም።

ጥቅሙ ሌላ ቦታ ነው። ዶቃ ለማንሳት አውራ ጣትና ሌባ ጣት መገናኘት አለባቸው። ቁልፍ የምንቆልፈው፣ ዚፕ የምንስበው፣ እርሳስ የምንይዘው፣ እንጀራ ቆርሰን ወጡን የምንጠቀልለው በዚሁ እንቅስቃሴ ነው። ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች ብዙዎቹ እዚህ ላይ ይቸገራሉ። ጠዋት ትምህርት ቤት ሲረፍድ የሸሚዝ ቁልፍ ላይ የሚንቀረፈፈው ልጅ ሰነፍ አይደለም፤ ጣቶቹ ገና አልለመዱም። ደግሞ በዚህ ሥራ ሁለቱ እጆች የተለያየ ነገር ነው የሚሠሩት። አንዱ ክር ይይዛል፣ ሌላው ዶቃ ያመጣል፣ ዓይን መሃል ላይ ያገናኛቸዋል። ይሄ ከባድ ቅንጅት ነው፣ እኛ ስለለመድነው ነው ቀላል የሚመስለን።

ከዚያ ቀጥሎ መረጋጋት አለ። አንድ ነገር በአንድ ዓይነት መንገድ ደጋግሞ ማድረግ ብዙዎቹን ያሳርፋቸዋል። አያቶቻችን ማታ ማታ መቁጠሪያ ወይም ተስቢህ በጣታቸው ሲያሳልፉ እያየ ላደገ ሰው ይሄ አዲስ ነገር አይደለም።

የስሜት ሕዋሳት ነገርም አለ። አሜሪካ ውስጥ ሐኪሞች ኦቲዝምን የሚለዩበት መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2013 ሲሻሻል፣ ድምፅ፣ ብርሃን ወይም ንክኪ እየበዛበት መረበሽ ወይም በተቃራኒው እያነሰው ራሱ መፈለግ ከምልክቶቹ አንዱ ሆኖ ገብቷል። ዶቃ ላይ ይሄ በደንብ ይታያል። ብርጭቆ ይቀዘቅዛል፣ ይከብዳል። እንጨት ይሞቃል። ፕላስቲክ ቀላል ነው፣ ይንኳኳል። የእህቴ ልጅ እያንዳንዱን ዶቃ ከመሰካቱ በፊት ጆሮው ሥር ወስዶ በጥፍሩ ይነካዋል። ጠቅ። የብርጭቆው ድምፅ ከሆነ ፊቱ ይፈታል፣ ይሰካዋል። የፕላስቲክ ከሆነ፣ ቀለሙ ምንም ያህል ቢያምር፣ ትሪው ጥግ ላይ ገለል አድርጎ ያስቀምጠዋል። እኛ ቀለም ስንመርጥለት እሱ የሚመርጠው በድምፅ ነው። የእናንተም ልጅ በምን እንደሚመርጥ ለማወቅ መጀመሪያ ሦስት አራት ዓይነት ትንሽ ትንሽ ገዝታችሁ ዝም ብላችሁ እዩት። ብዙ ገንዘብ አታውጡ።

ዕቃውን መግዛት

ብዙ ሰው በተቃራኒው ይጀምራል፦ ትንንሽ ጨሌና ቀጭን ክር። ልጁ ቀዳዳው አልገኝ ብሎት ይናደዳል፣ ሁለተኛ ዕቃውን ማየት አይፈልግም። መጀመሪያ ትልቅ ዶቃ፣ ሰፊ ቀዳዳ፣ ጠንካራ ክር ነው። ለሕፃናት ሹሩባ ጫፍ ላይ የሚገባው የፕላስቲክ ዶቃ ለዚህ ጥሩ ነው፤ ወርዱ 9 ሚሊ ሜትር፣ ቀዳዳው 4 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይሆናል። መርካቶ በጅምላ፣ በየሰፈሩ ደግሞ የጸጉር ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ይገኛል። የብርጭቆ ጨሌ ለኋላ ይቆይ። ሲደርስ ፓኬቱ ላይ ያለውን ቁጥር እዩ፦ 11/0 የሚለው 2 ሚሊ ሜትር አካባቢ፣ 6/0 የሚለው ደግሞ 4 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ቁጥሩ ሲያንስ ዶቃው ይተልቃል።

ለጊዜው ምንም መግዛት ካልቻላችሁ ቀዳዳው ሰፊ የሆነ መኮሮኒ ይበቃል። ወፍራም ስትሮ በመቀስ ቆራርጡ። ከአሮጌ መጽሔት ረጃጅም ባለ ሦስት ማዕዘን ወረቀት ቆርጦ፣ ሙጫ ቀብቶ በቀጭን እንጨት ላይ መጠቅለልም ቆንጆ ዶቃ ያወጣል፤ እንዲያውም መጠቅለሉን ከመሰካቱ የሚወዱ ልጆች አሉ።

ክሩ የጫማ ማሰሪያ ይሁን። ጫፉ ጠንካራ ስለሆነ ቀዳዳውን ራሱ ያገኘዋል። እጁ በጣም ለሚቸገር ደግሞ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ የሚሸጠው ጸጉር የለበሰ ለስላሳ ሽቦ ይሻላል፤ እንደ ክር አይልፈሰፈስም፣ የገባው ዶቃ ተመልሶ አይንሸራተትም። ተራ ክር ብቻ ካላችሁ ጫፉን በፕላስተር ጠቅልሉት ወይም የጥፍር ቀለም ቀብታችሁ አድርቁት። መርፌ አያስፈልግም። ሌላኛው ጫፍ ላይ አንድ ትልቅ ዶቃ አስራችሁ ተዉት፣ አለበለዚያ የሰካው ሁሉ በዚያ በኩል ይፈሳል፣ የልጁም ትዕግሥት አብሮ ይፈሳል።

አንድ ነገር ሳይታለፍ

ዕቃ ወደ አፉ የሚወስድ ልጅ ከሆነ ትንሽ ዶቃ አይሰጠውም፣ ዕድሜው ስንትም ቢሆን። ከ3 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ትንሽ ዶቃ እንደማይሰጥ ሁሉም ያውቃል፤ ኦቲዝም ካለባቸው ውስጥ ግን በ10 ወይም በ15 ዓመታቸውም የማይበላ ነገር የሚውጡ አሉ። ለእነሱ ከአፍ የሚበልጥ የእንጨት ዶቃ ወይም ትልልቅ የመጋረጃ ቀለበት በወፍራም ገመድ ይሁን፣ አዋቂም ከአጠገባቸው አይለይ። ታናናሾችም ቤት ውስጥ አሉ፣ ወለል ላይ የወደቀውን ልቀሙ።

ማግኔት ያለው ዶቃ ቤታችሁ አይግባ። ሁለት ማግኔት ከተዋጠ አንጀት መሃል አስገብተው ይጣበቃሉ፣ አንጀቱንም ይበሱታል። ውሃ ውስጥ ሲገባ የሚያብጠው እንደ ጄሊ ያለ ዶቃም እንዲሁ፤ ሆድ ውስጥ አብጦ አንጀት ይዘጋል። ከነዚህ አንዱን ዋጠ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ነገ አትበሉ፣ ወዲያው ሆስፒታል ውሰዱት። ጆሮ ወይም አፍንጫ ውስጥ የገባ ዶቃ በጸጉር ማስያዣ አይጎረጎርም፣ ወደ ውስጥ ነው የምትገፉት። ጤና ጣቢያ ሂዱ። ቀለሙ የሚላጥ ርካሽ ዶቃም ተዉት። የተሠራውን ሐብል ደግሞ አንገቱ ላይ አድርጎ አይተኛ።

ጠረጴዛውን ማዘጋጀት

ሥራው ሁሉ እዚህ ነው ያለው፣ ስለዚህ እዚህ ላይ አትቸኩሉ።

ትሪ ውሰዱና ላዩ ላይ ፎጣ አንጥፉ። ዶቃው አይንከባለልም፣ ድምፁም ይቀንሳል። የእንቁላል መያዣ ካርቶን ቆርጣችሁ በየጎድጓዳው አንድ አንድ ቀለም አድርጉ። በግራ በኩል ሊሠራ ያለው፣ መሃል ላይ ክሩ፣ በቀኝ በኩል ደግሞ ያለቀው የሚገባበት ሳጥን ወይም ባዶ ጣሳ ይቀመጥ። በዕብራይስጥ ወይም በዓረብኛ የሚማር ልጅ ከሆነ ከቀኝ ወደ ግራ ብታደርጉትም ችግር የለውም፤ ዋናው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መሆኑ ነው።

ይሄን አደራረግ እኔ አልፈጠርኩትም። አሜሪካ በኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ኤሪክ ሾፕለር ከባልደረቦቻቸው ጋር ያዳበሩት፣ እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ በግዛቲቱ ሁሉ የተዳረሰው ቲች የሚባለው የአሠራር ዘዴ ነው። ሐሳቡ ልጁ ማንንም ሳይጠይቅ አራት ነገር በዓይኑ አይቶ እንዲያውቅ ነው፦ ምን እሠራለሁ፣ ስንት እሠራለሁ፣ ማለቁን በምን አውቃለሁ፣ ከዚያ በኋላስ ምን አለ። ዶቃ ለዚህ የተሠራ ይመስላል። አምስት ዶቃ ትሪው ላይ ካለ "ስንት" የሚለው ተመለሰ። ትሪው ባዶ ሲሆን "አለቀ" ተመለሰ። "ከዚያስ" ለሚለው ከሳጥኑ አጠገብ ቀጥሎ የሚመጣውን ነገር ሥዕል ወይም ዕቃውን ራሱን አስቀምጡ፤ ኳስ ከሆነ ኳስ፣ ሻይ ከሆነ ስኒው።

ሙሉ ከረጢት ዶቃ ፊቱ አታፍስሱ። መጨረሻ የሌለው ሥራ ነው የሚመስለው፣ መብቱም ነው ቢሸሽ።

ማስተማሩ

ከመጨረሻው ጀምሩ። አምስት ዶቃ ከሆነ አራቱን እናንተ ሰክታችሁ አምስተኛውን ክሩ ጫፍ ላይ አስገብታችሁ ስጡት። እሱ የሚያደርገው ወደ ታች መሳብና ክሩን ሳጥን ውስጥ መክተት ብቻ ነው። ጨረሰ። የመጨረስን ጣዕም ቀመሰ። ሲለምደው አምስተኛውን ሙሉውን ለእሱ ተዉለት፣ ከዚያ አራተኛውንም፣ እያለ ወደ ኋላ ይሄዳል። ከመጀመሪያው ዶቃ ብትጀምሩ ግን መሃል ላይ ይደክመውና ሁሌም ሳይጨርስ ይነሳል፤ የሚማረውም ማቋረጥን ነው።

እጁን ጨብጣችሁ አትንዱት። ብዙዎቹ ሳይጠበቅ መነካት ያስደነግጣቸዋል፣ ደግሞ በሰው እጅ የተሠራ ሥራ ጣቱ አይማረውም። ይልቅ እጃችሁን ከእጁ ሥር አድርጉለት፣ ወይም ክሩን ብቻ ቀጥ አድርጋችሁ ያዙለት። ፊት ለፊቱ አትቀመጡ፣ ጎኑ ሁኑ። ለራሳችሁም ክር ያዙና ዝም ብላችሁ እየሰካችሁ አሳዩት። ዝም ማለቱ ይከብዳችኋል፣ አውቃለሁ። እኛ ቤት ሰው ሲሠራ "ጎበዝ፣ ጎበዝ" ማለት ልማድ ነው፣ ግን ዶቃው ላይ ያተኮረውን ልጅ በየመሃሉ ታቋርጡታላችሁ። ሳጥን ውስጥ ሲያስገባ አንዴ በሉት፣ ይበቃል።

በቀን አምስት ደቂቃ ጥሩ ነው። ሰዓቱ ግን አይቀያየር፤ ለምሳሌ ከትምህርት ቤት መጥቶ መክሰስ ከበላ በኋላ። ቴሌቪዥን ይጥፋ። ጆሮውን ከያዘ፣ ከተነሳ፣ መተንፈሱ ከፈጠነ ለዛሬ በቃ፤ ከትሪው ላይ ዶቃ ቀንሳችሁ አንዷን ብቻ አስጨርሱትና ሳጥኑን ዝጉ።

ሥርዓት ያለው አደራደር ሲደርስ ቀይና ቢጫ እያፈራረቃችሁ ወረቀት ላይ በዶቃው ልክ ክብ ክብ ሣሉለት። ዶቃውን መጀመሪያ ክቡ ላይ ያስቀምጣል፣ ከዚያ ይሰካል። ሁለት ቀለም ሲለምድ ሦስት። አንዳንዱ ልጅ እዚህ ላይ ሲደርስ ከእናንተ ይቀድማል፤ ሥርዓት ማየት ብዙዎቹ ያላቸው ጥንካሬ ነው፣ ስለዚህ ከበድ ያለ አደራደር ስጡት።

ወሬም ከዶቃ ይወጣል

መናገር ለሚቸገር ልጅ ዶቃ የመጠየቂያ ምክንያት ይሆናል። የሚወደውን ቀለም ክዳኑ በሚጠብቅ ግልጽ ጠርሙስ ውስጥ አድርጋችሁ ትሪው አጠገብ አስቀምጡ። ያየዋል፣ መክፈት አይችልም። አሁን ጠብቁ። በሆዳችሁ እስከ 10 ቁጠሩ። እጃችሁን ይዞ ጠርሙሱ ላይ ያደርገዋል፣ ወይም ይጠቁማል፣ ወይም የቀለሙን ሥዕል ይሰጣችኋል፣ ወይም "ቀ" ይላል። ሁሉም ንግግር ነው፤ "ቀይ፣ እሺ" ብላችሁ ወዲያው ስጡት። "በደንብ በል" እያላችሁ አታስጨንቁት። ይሄን ጨዋታ ግን ለብቻው ሰዓት አድርጉለት። ብቻውን በሚሠራበት ሰዓት ዶቃውን መያዣ አታድርጉት፣ ያ ሰዓት የእሱ ነው።

"ልክ አይደለም" የሚያሰኙ ነገሮች

አንድ ቀለም ብቻ ይሰካል? ይስካ። ዶቃውን ሳይሰካ ጠረጴዛው ላይ ይደረድራል? ያም ሥራ ነው፤ ክሩን ከድርድሩ አጠገብ አስተኝታችሁ ተዉት፣ አንድ ቀን ያነሳዋል ወይም አያነሳውም። እጁን ዶቃ ውስጥ ነክሮ ያንሿሿዋል? መጀመሪያ ጥቂት ደቂቃ በጎድጓዳ ሳህን እንዲያንሿሿ ፍቀዱለት፣ ከዚያ ትሪውን አምጡ። የሚወረውር ልጅ ብዙ ጊዜ "በቃኝ" እያለ ነው፣ ስለዚህ በቃኝ የሚልበት ካርድ አዘጋጁለት።

ከሁሉ በላይ የለመንኳችሁ ይህን ነው፦ የሠራውን አታፍርሱ። ዶቃ ለመቆጠብ ሲባል ማታ ክሩን ፈትቶ ለነገ ማዘጋጀት የተለመደ ነው። ጠዋት ሳጥኑን ከፍቶ ባዶ ሲያገኘው ምን እንደሚሰማው አስቡት። መፍታት ግድ ከሆነ አብሮ ይፍታው፣ "መፍታት" የሥራው አንድ ክፍል ይሁን፣ በሥዕልም ይታየው።

አምባር ሲሆን

ላስቲክ ክር ቆርጣችሁ መጀመሪያ ደህና አድርጋችሁ ሳቡት፣ አለበለዚያ በኋላ ይላላል። ለአዋቂ እጅ 18 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው፣ ለቋጠሮ 10 ጨምሩ። ርዝመቱ 6 ሚሊ ሜትር የሆነ ዶቃ 30 ይገባበታል። ሁለቴ ሦስቴ ቋጥራችሁ ጠብታ ሙጫ አድርጉና ሲደርቅ ቋጠሮውን ዶቃ ውስጥ ጎትታችሁ ደብቁት። የላስቲክ ቋጠሮ ለብዙዎቹ ከባድ ስለሆነ እናንተ ብትቋጥሩ ምንም አይደለም።

ማንን እንጠይቅ?

የእጅ ሥራን ከልጁ አቅም ጋር የሚያገጣጥመው ባለሙያ ኦኩፔሽናል ቴራፒስት ይባላል። አሜሪካ ያላችሁ ወላጆች የመንግሥት ትምህርት ቤት ለልጁ በሚያወጣው የትምህርት እቅድ ስብሰባ ላይ ጠይቁ፤ ለትምህርቱ እንደሚያስፈልገው ከተወሰነ በነፃ ነው የሚሰጠው። አገር ቤት እንዲህ ያለ ባለሙያ በቀላሉ አይገኝም። አዲስ አበባ ውስጥ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 የከፈቱት ጆይ የኦቲዝም ማዕከል አለ፣ ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልም አለ። ቦታ ማግኘት ግን ቀላል አይደለም፣ ብዙ ቤተሰብ ወረፋ ይጠብቃል። ትሪውና የጫማ ማሰሪያው ወረፋ ስለሌላቸው ነው ቤት ውስጥ ጀምሩ የምለው።

ላደጉት

ወጣት ከሆነና እጁ ከፈጠነ ሥራ ሊሆነው ይችላል። መቁጠሪያና ተስቢህ ለዚህ በጣም ይመቻሉ፣ ምክንያቱም ቁጥራቸው የታወቀ ነው፦ ተስቢህ 33 ወይም 99፣ መቁጠሪያ 41 ወይም 64። ቁጥር የሚወድ ሰው በአንድም አይሳሳትም። ገዢም አለ፣ በበዓል ሰሞንም ይጨምራል።

ሲሸጥ "ኦቲዝም ያለበት ልጅ ነው የሠራው፣ ግዙለት" ብላችሁ አትለምኑበት። ዕቃው ጥሩ ከሆነ በዕቃነቱ ይሸጥ፣ ዋጋውም እንደ ማንም ሠሪ ይሁን። ብሩን በእጁ ስጡት፣ ከዚያ ሱቅ ይዛችሁት ሂዱና ቀጣዩን ዶቃ ራሱ ይምረጥ፣ በቀለም ይሁን በድምፅ ወይም በክብደት። የተረፈውም የእሱ ነው።

ዶቃ ጨርሶ የማይወድም አለ። ሁለት ሦስት ጊዜ፣ በተለያየ ዕቃ ሞክራችሁ ፊቱን ካዞረ ተዉት። ጥጥ መፍተል፣ ስፌት፣ ባቄላና ሽምብራ መለየት፣ ሽመና አለ። የትሪው አቀማመጥ፣ የሳጥኑ ነገር፣ ከመጨረሻው መጀመሩ ለሁሉም ይሠራል፤ ለምሳሌ ለባቄላው የምትፈልጉት ሁለት ሳህንና አንድ እፍኝ እህል ብቻ ነው፣ ዛሬ ማታ ልትሞክሩት ትችላላችሁ።